ትርጉሙን አውቀዋለሁ፣ መልሱን ግን እስታለሁ፦ የእንግሊዝኛ ባዶ ቦታ እንዴት ይሞላል?

ጥያቄ፦ «የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በእንግሊዝኛ ግራመር መለማመጃ ላይ ‹ትክክለኛውን ቃል ምረጡ› የሚለው ክፍል ያስቸግረኛል። የአራቱንም ምርጫ ትርጉም አውቃለሁ፤ ወደ አማርኛ ስመልሳቸው ግን ሁለቱ ወይም ሦስቱ አንድ ዓይነት ይሆኑብኛል፤ ከዚያ በግምት አጠቁራለሁ። ከ20 ጥያቄ 10 ወይም 11 ነው የማገኘው። ቃላት መሸምደድ ልጨምር ወይስ ሌላ መንገድ አለ? የተሳሳትኳቸውን ሦስት ጥያቄዎች ልኬያለሁ።»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቃላት መሸምደዱን ለጊዜው ተዪው። የችግርሽ ምንጭ በራስሽ ጥያቄ ውስጥ ተጽፏል፦ «ወደ አማርኛ ስመልሳቸው»። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያወጣ መምህር ትርጉማቸው የሚቀራረብ ቃላትን የሚደረድረው ሆን ብሎ ነው። ቃላቱን የሚለያያቸው ከጎናቸው ምን እንደሚያስቀምጡ ነው። አንዱ ሰውን በቀጥታ ያስከትላል፣ ሌላው መስተዋድድ ካልገባለት ሰው አይቀበልም፤ አንዱ ይቆጠራል፣ ሌላው አይቆጠርም፤ አንዱን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይከተለዋል፣ ሌላውን ስም ብቻ። ወደ አማርኛ ስትመልሺው የሚጠፋው ይኸው ልዩነት ነው። በቦታው የአማርኛ ደንብ ይገባና አንቺ ለአማርኛው ትክክል የሆነውን ትመርጫለሽ።

የላክሻቸውን እየፈታን እንሂድ። እንግሊዝኛውን በፊደላችን ስለጻፍኩት ድምፅ አውጥተሽ አንብቢው።

የመጀመሪያው ይህ ነው፦ «ማይ ብራዘር ___ ሚ ዛት ዘ ሾፕ ዋዝ ክሎዝድ።» ምርጫዎቹ ሴድ፣ ቶልድ፣ ስፖክ፣ ቶክድ ናቸው። አንቺ «ሴድ»ን አጥቁረሻል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ «ሴድ» ማለት «አለ» ነው፣ «ወንድሜ ሱቁ ዝግ ነው አለኝ» ደግሞ ጥሩ አማርኛ ነው። አማርኛ «አለ» ላይም «ነገረ» ላይም «ኝ»ን ያለ ችግር ይቀጥላል፦ አለኝ፣ ነገረኝ። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ ይለያቸዋል። «ሴድ» ሰውን በቀጥታ አያስከትልም፤ «ሴድ ቱ ሚ» መሆን አለበት። «ስፖክ» እና «ቶክድ»ም ከሰው በፊት «ቱ» ወይም «ዊዝ» ይፈልጋሉ፤ ያም ሆኖ «ዛት» ብለው የተነገረውን ነገር አያስከትሉም። አሁን ከባዶው ቦታ ቀጥሎ ያለውን እዪ፦ «ሚ»። ሰው ነው፣ በመካከል «ቱ» የለም። «ቶልድ» ብቻ ይቀራል። የአራቱን ቃላት ትርጉም ሳንጠይቅ መልሱ ላይ ደረስን። «ሚ» ባይኖርና «ማይ ብራዘር ___ ዛት ዘ ሾፕ ዋዝ ክሎዝድ» ቢል ኖሮ መልሱ ተገልብጦ «ሴድ» ይሆን ነበር፤ «ቶልድ» ለማን እንደተነገረ ሳይጠራ አይቆምም።

ስለዚህ የአሠራርሽን ቅደም ተከተል ቀይሪ። ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍኚ። ከባዶው በፊት ያለውን አንድ ወይም ሁለት ቃል ተመልከቺ፤ ቀጥሎ ከባዶው በኋላ ያለውን፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን እስከ ነጥቡ አንብቢ። እዚህ ቦታ ምን ዓይነት ቃል እንደሚገባ በራስሽ ወስኚ። ስም ነው? ግሥ ነው? ግሥ ከሆነ በምን ቅርጽ? ከዚያ ወረቀቱን አንሺና የማይገቡትን ሰርዢ። ትርጉም የሚጠየቀው ከስረዛ ለተረፉት ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ናቸው። ምርጫዎቹን ቀድመሽ ካየሽ ዓይንሽ በደንብ በምታውቂው ቃል ላይ ያርፋል፤ ዓረፍተ ነገሩንም ለዚያ ቃል እንዲመች አድርገሽ ታነቢዋለሽ።

ከባዶው በስተግራ ያለው ጎረቤት ብዙ ነገር ይናገራል። «ካን»፣ «ማስት»፣ «ሹድ» ወይም «ዊል» ከሆነ የሚከተለው ምንም ያልተጨመረበት ግሥ ነው፤ «ሺ ካን ስዊም» እንጂ «ስዊምስ» አይባልም። «ሃዝ»፣ «ሃቭ» ወይም «ሃድ» ከሆነና ምርጫዎቹ የአንድ ግሥ የተለያዩ ቅርጾች ከሆኑ፣ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያልሽ ካጠናሻቸው ሦስተኛውን ፈልጊ። «ኢን»፣ «ኦፍ»፣ «አባውት»፣ «ዊዝአውት» ከሆኑና ግሥ የሚገባ ከሆነ ግሡ «ኢንግ» ይዞ ይመጣል፦ «ዊዝአውት ሴይንግ»። ተማሪን በጣም የምታስተው «ቱ» ናት፤ ሁለት ዓይነት ስለሆነች። «አይ ዋንት ቱ ሚት ዩ» ላይ ግሡ ባዶውን ነው፤ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚቲንግ ዩ» ላይ ግን «ኢንግ» አለው። መለያው ቀላል ነው፦ ከ«ቱ» በኋላ ግሡን ትተሽ ስም ለማስገባት ሞክሪ። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሆሊዴይ» ያስኬዳል፤ «አይ ዋንት ቱ ዘ ሆሊዴይ» አያስኬድም። ስም የምትቀበለዋ «ቱ» መስተዋድድ ናትና ግሥ ሲመጣ «ኢንግ» ትጠይቃለች። «ዩዝድ ቱ»ም በዚሁ ትፈታለች፦ «አይ አም ዩዝድ ቱ ዌኪንግ አፕ ኤርሊ» በማለዳ መነሳት ለምጃለሁ ነው፤ «አይ ዩዝድ ቱ ዌክ አፕ ኤርሊ» ግን ድሮ በማለዳ እነሳ ነበር። ሁለቱን የለየቻቸው ከፊት ያለችው «አም» ናት።

አራቱ ምርጫዎች ከአንድ ሥር የወጡ ሲሆኑ፣ ለምሳሌ ክሊር፣ ክሊርሊ፣ ክላሪቲ፣ ክላሪፋይ፣ መጨረሻቸውን ብቻ ማየት ይበቃል። በ«ሽን»፣ «ነስ»፣ «ሜንት»፣ «ቲ» የሚያበቁት በብዛት ስም ናቸው፤ በ«ፉል»፣ «ለስ»፣ «ብል» የሚያበቁት ቅጽል፤ በ«ሊ» የሚያበቁት ተውሳከ ግሥ። «ፍሬንድሊ» እና «ላቭሊ» ግን «ሊ» ቢኖራቸውም ቅጽል ናቸው። «ዘ ቲቸር ኤክስፕሌይንድ ኢት ___» ካለ የጎደለው እንዴት እንዳስረዳ ነው፤ ስለዚህ «ክሊርሊ»። እንደ «ሉክ»፣ «ሲም»፣ «ፊል»፣ «ቴስት» ያሉ ግሦች ደግሞ ባለቤቱ ምን እንደሚመስል ወይም ምን እንደሚሰማው ሲገልጹ ቅጽል ይወስዳሉ፦ «ሺ ሉክስ ሃፒ» እንጂ «ሃፒሊ» አይደለም።

አሁን ወደ ትልቁ ወጥመድ እንምጣ፤ «በ»። የአማርኛ ተናጋሪ በመስተዋድድ ጥያቄ ላይ የሚያጣው ነጥብ ብዙው ከዚህች ፊደል የሚመጣ ነው። በመስከረም፣ በሌሊት፣ በአውቶቡስ፣ በእስክሪብቶ፣ በወንድሜ፣ በአማርኛ፣ በጥንቃቄ እንላለን፤ ሁሉም «በ» ነው። እንግሊዝኛው በቅደም ተከተል ኢን ሴፕቴምበር፣ አት ናይት፣ ባይ ባስ፣ ዊዝ ኤ ፔን፣ ባይ ማይ ብራዘር፣ ኢን አማሪክ፣ ኬርፉሊ ነው። የመጨረሻው ጭራሽ መስተዋድድ የለውም። «በ»ን በልብሽ ይዘሽ ከኢን፣ ኦን፣ አት፣ ባይ ውስጥ ምረጪ ስትባዪ አማርኛው ሊረዳሽ አይችልም፤ ለእሱ አራቱም አንድ ናቸውና። ስለዚህ ከባዶው በኋላ ያለው ስም ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቂ።

ስሙ ጊዜ ከሆነ መጠኑን እዪ። ዓመት፣ ወር፣ ክፍለ ዘመን፣ ወቅት ከሆነ ኢን፤ ቀን ከሆነ ኦን፤ የሰዓት ቁጥር፣ «ናይት» ወይም «ኑን» ከሆነ አት። «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ይባላል፤ ነገር ግን የቀን ስም ከጎኑ ሲመጣ ቀኑ ያሸንፍና «ኦን መንደይ ሞርኒንግ» ይሆናል። ይህ የፈተና አውጪዎች ተወዳጅ ጥያቄ ነው። ከጊዜው በፊት «ላስት»፣ «ኔክስት»፣ «ዚስ» ወይም «ኤቭሪ» ካለ ኢንም፣ ኦንም፣ አትም አይገባም፤ «ላስት መንደይ» ብቻውን ይበቃዋል። ከምርጫዎቹ አንዱ ሰረዝ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ እነዚህን አራት ቃላት ፈልጊ። ሰዓትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፦ የጠዋት 3 ሰዓት በእንግሊዝኛ «ናይን ኦክሎክ» ነው። መስተዋድዱን በትክክል አግኝቶ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የሚጽፍ ተማሪ ስድስት ሰዓት ይስታል።

ስሙ ቦታ ከሆነ «አት» ነጥብ፣ «ኦን» ከላዩ የሚቀመጡበት ገጽ፣ «ኢን» በውስጡ የሚገቡበት ነገር ናቸው። መጓጓዣ ላይ ይህ ትንሽ ይዛነፋል፦ ኢን ኤ ካር፣ ኢን ኤ ታክሲ፤ ነገር ግን ኦን ኤ ባስ፣ ኦን ኤ ትሬን፣ ኦን ኤ ፕሌን። ቆመሽ ልትራመጂበት የምትችይው ኦን ይወስዳል ብለሽ ያዢው። «ባይ ባስ» ሲሆን ደግሞ በመካከል «ኤ»ም «ዘ»ም የለም። ስለዚህ «ሺ ኬም ___ ዘ ባስ» ካለና ኢን፣ ኦን፣ አት፣ ባይ ከቀረቡልሽ «ባይ»ን ወዲያው ሰርዢ፤ ያሰረዘሽ «ዘ» ነው።

ባይ እና ዊዝን ለመለየት ይህን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብለሽ እዪ፦ «ደብዳቤው በወንድሜ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጻፈ።» በአማርኛ ሁለቱም «በ» ናቸው። አድራጊው ወንድምሽ ነው፤ እስክሪብቶው መሣሪያ ነው። እንግሊዝኛ አድራጊውን በ«ባይ»፣ መሣሪያውን በ«ዊዝ» ያመጣል፦ «ዘ ሌተር ዋዝ ሪትን ባይ ማይ ብራዘር ዊዝ ኤ ብሉ ፔን።» ሁለቱን ብታለዋውጪያቸው እስክሪብቶው ጻፊ፣ ወንድምሽ መሣሪያ ይሆናል።

«ከ» ከ«በ» ብዙም አትሻልም። ከጎንደር መጣ ፍሮም ነው፤ ከእናቴ ጋር ዊዝ፤ ከእሱ ይበልጣል ዛን፤ ከ2010 ጀምሮ ሲንስ፤ ከመጣ እነግረዋለሁ ኢፍ። «ከእሱ ጋር ተጋባች» ስለምንል ብዙ ተማሪ «ሜሪድ ዊዝ ሂም» ይመርጣል፤ እንግሊዝኛው ወይ «ሺ ሜሪድ ሂም» ነው፣ ወይ «ሺ ኢዝ ሜሪድ ቱ ሂም»። ሲንስ እና ፎርን ለመለየት ጥያቄ አዘጋጂላቸው። ከባዶው በኋላ ያለው «ከመቼ ጀምሮ?» ለሚለው መልስ ከሆነ ሲንስ፣ «ለምን ያህል ጊዜ?» ለሚለው መልስ ከሆነ ፎር። «2010» መቼ ነው፤ «ፋይቭ ይርስ» ምን ያህል ነው። ግሡንም አትርሺ። «እዚህ ስኖር አምስት ዓመቴ ነው» የሚለው አማርኛ የአሁን ጊዜ ስለሚመስል «አይ ሊቭ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ያሰኛል፤ ትክክሉ ግን «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ነው፤ ኑሮው ድሮ ተጀምሮ እስከ ዛሬ ስለደረሰ። ኑሮው አብቅቶ ከሆነ ፎር ከተራው ኃላፊ ጊዜ ጋር ይሄዳል፦ «ሺ ሊቭድ ኢን ጎንደር ፎር ፋይቭ ይርስ፣ ባት ናው ሺ ሊቭስ ኢን አዋሳ።»

አማርኛ መስተዋድድ የሚያስገባባቸው፣ እንግሊዝኛ ግን ባዶ የሚተዋቸው ግሦች አሉ። ስለ ጉዳዩ ተወያየን እንላለን፤ «ዲስካስ» ግን «አባውት» አይወስድም። ወደ ክፍሉ ገባ እንላለን፤ «ኤንተር ዘ ሩም» ነው፣ ያለ «ቱ»። «ሪች» ያለ ምንም ቦታውን ይጠራል፤ «አራይቭ» ግን ለከተማና ለአገር ኢን፣ ለጣቢያ፣ ለትምህርት ቤትና ለመሳሰለው አት ይፈልጋል። እነዚህን ግሦች ከነባዶነታቸው አጥኚያቸው።

እስካሁን አማርኛን ከስሼዋለሁ፤ የሚረዳበት ቦታም አለ፤ ተማሪዎች ይህን ጥቅም እምብዛም ሲጠቀሙበት አይታይም። «ቦሪንግ» እና «ቦርድ»፣ «ኢንተረስቲንግ» እና «ኢንተረስትድ»፣ «ታየሪንግ» እና «ታየርድ» ሲመጡብሽ አማርኛውን ጥሪ፦ አሰልቺ፣ አስደሳች፣ አድካሚ፣ አስገራሚ። በ«አ» ወይም በ«አስ» ጀምሮ ስሜቱን የሚፈጥረውን ነገር የሚገልጽ ሁሉ «ኢንግ» ነው። ሰለቸኝ፣ ደከመኝ፣ ገረመኝ ብለሽ ስሜቱ የደረሰበትን ስትናገሪ «ኢድ» ያለው ነው። «አይ አም ቦሪንግ» ብሎ የጻፈ ልጅ «ሰለቸኝ» ማለቱ ነበር፤ የጻፈው ግን «እኔ አሰልቺ ነኝ» ነው። በዚሁ መንገድ ተዋሰ «ቦሮው»፣ አዋሰ «ሌንድ» ነው፤ ተማረ «ለርን»፣ አስተማረ «ቲች»። አማርኛ በአንድ ወይም በሁለት ፊደል የሚለየውን እንግሊዝኛ በሁለት የተለያዩ ቃላት ይለየዋል፤ ልዩነቱ ግን በአፍሽ ውስጥ ድሮም አለ።

«ቱ» እና «ፎር»ም ከፊል እንዲህ ናቸው። ሰጠኋት ስንል «ላ» አልገባችም፤ «ጌቭ ኢት ቱ ሃር» ነው። ገዛሁላት፣ ሠራሁላት ስንል «ላ» ገባች፤ «ቦት ኢት ፎር ሃር»፣ «ሜድ ኢት ፎር ሃር»። ሁልጊዜ ግን አትመኚው፤ ላክሁላት እና አስረዳሁላት «ላ» ቢኖራቸውም በእንግሊዝኛ «ቱ» ይወስዳሉ።

ፊደላችን ራሱ የሚፈታው ጥያቄም አለ፤ «ኤ» ወይስ «አን»? ደንቡ ስለ ድምፅ እንጂ ስለ እንግሊዝኛው አጻጻፍ አይደለም፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ድምፁን ነው የሚጽፈው። ቃሉን በአማርኛ ፊደል ጻፊው። ከ«አ» እስከ «ኦ» ባሉት ከጀመረ አን ነው፣ በሌላ ከጀመረ ኤ ነው። «ዩኒቨርሲቲ» በ«ዩ» ይጀምራል፣ ስለዚህ ኤ ዩኒቨርሲቲ። «አወር» በ«አ» ይጀምራል፣ ስለዚህ አን አወር፤ በእንግሊዝኛው መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ድምፅ አልባ ፊደል አያታልልሽ። አን አምብሬላ፣ ኤ ዩሮፒያን፣ ኤ ዋን ዌይ ስትሪት።

«ብዙ» ላይ ግን እንደገና ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አማርኛ ማች እና ሜኒን አይለይም። መረጃዎች፣ ምክሮች፣ የቤት ዕቃዎች ስለምንል «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ፈርኒቸር» የሚቆጠሩ ይመስሉናል። በእንግሊዝኛ አይቆጠሩም፤ መጨረሻቸው ላይ «ስ» አይገባም፣ ከፊታቸውም ሜኒ ሳይሆን ማች ነው። «ሆምወርክ»፣ «ላጌጅ»፣ «ኢኩዊፕመንት»ንም ጨምሪባቸው፤ እነዚህ ስድስቱ በመለማመጃዎች ውስጥ እየተመላለሱ ይመጣሉ። «ፊው» እና «ኤ ፊው» ሁለቱም ጥቂት ይባላሉ፤ የሚለያቸው የተናጋሪው ስሜት ነው። «ሺ ሃዝ ___ ፍሬንድስ ሂር፣ ሶ ሺ ኢዝ ሎንሊ» ካለ ብቸኝነት ስላለ ጓደኞቿ እምብዛም ናቸው፤ ፊው። «ሶ ሺ ኢዝ ኖት ሎንሊ» ካለ ጥቂትም ቢሆኑ አሏት፤ ኤ ፊው። እዚህ ፍንጩ ያለው ከባዶው አጠገብ ሳይሆን ከ«ሶ» በኋላ ነውና እስከ ነጥቡ አንብቢ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፦ «ኦልዞው ኢት ዋዝ ሬይኒንግ፣ ___ ዘይ ዌንት አውት።» ምርጫዎቹ ባት፣ ሶ፣ ሃውኤቨር እና ሰረዝ። «ባት»ን መርጠሻል። «ምንም እንኳን ዝናብ ቢዘንብም ግን ወጡ» በንግግራችን ያስኬዳል፤ «እንኳን» እና «ግን» አብረው ይውላሉ። እንግሊዝኛ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ለማያያዝ አንድ መስተፃምር ይበቃዋል። «ኦልዞው» መጀመሪያ ላይ ሥራውን ስለጨረሰ ሌላ አያስፈልግም፤ መልሱ ሰረዙ ነው። «ቢኮዝ» መጀመሪያ ላይ ካለም በኋላ «ሶ» አትጨምሪ።

ባዶው የመስተፃምሩ ራሱ ቦታ ሲሆን ወደ ቀኝ እዪ። ባለቤትና ግሥ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከተከተለ ኦልዞው ወይም ቢኮዝ ነው፤ ስም ወይም «ኢንግ» ብቻ ከተከተለ ዲስፓይት ወይም ቢኮዝ ኦፍ ነው፤ ወዲያው ነጠላ ሰረዝ ከተከተለ ሃውኤቨር ነው። «___ ዘ ሬይን፣ ዘይ ዌንት አውት» ላይ «ዘ ሬይን» ግሥ የለውም፤ ኦልዞው ይሰረዛል። ቢኮዝ ኦፍ እና ዲስፓይት ከተረፉ ትርጉም አሁን ይግባ፤ ዝናብ ሰው አያስወጣም፣ ስለዚህ ዲስፓይት።

የ«ኢፍ» ጥያቄዎች ላይ ሌላውን ግማሽ ተመልከቺ። «ኢፍ ሂ ___ ቱሞሮው፣ አይ ዊል ቴል ሂም» ካለ አማርኛው «ከመጣ» ነው፤ «መጣ» ያለፈ ጊዜ ስለሚመስል «ኬም» ያስመርጣል። ነገር ግን ከነጠላ ሰረዙ ማዶ «ዊል» አለ። ማዶ «ዊል» ካለ ወዲህ የአሁን ጊዜ፣ «ካምስ»። ማዶ «ዉድ» ብቻ ካለ ወዲህ ኃላፊ ጊዜ። ማዶ «ዉድ ሃቭ» ካለ ወዲህ «ሃድ» ከሦስተኛው ቅርጽ ጋር። «ዊል» ራሷ ከ«ኢፍ» ጎን አትቀመጥም ማለት ለፈተናሽ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በደንብ የማይፈታ ክፍል ይቀራል፤ ቃላት በልማድ የሚጣመሩበት። «ሠራ» የሚለውን እዪው። ስህተት ሠራች፣ የቤት ሥራ ሠራች፣ ወጥ ሠራች፣ ቤት ሠራች፣ ባንክ ትሠራለች፣ ሰውየው መኪናዋን ሠራላት፣ ስልኳ አይሠራም። እንግሊዝኛው ሜክ ኤ ሚስቴክ፣ ዱ ሆምወርክ፣ ኩክ፣ ቢልድ፣ ወርክ፣ ፊክስ እና እንደገና ወርክ ነው። ለምን ሚስቴክ «ሜክ» ወሰደ፣ ሆምወርክ ደግሞ «ዱ»? ጥርት ያለ ደንብ የለውም፤ ደንብ አለ ብሎ የሚያስተምርሽ ካለ ልዩ ሁኔታው ከደንቡ ይበዛል። ወፍራም ቡና «ስትሮንግ ኮፊ» ነው እንጂ «ፋት» አይደለም፤ ቀጭን ቡና «ዊክ»። ፎቶ ማንሳት «ቴክ ኤ ፎቶ» ነው። አልፎ አልፎ ይገጥማል፤ ከባድ ዝናብ «ሄቪ ሬይን» ነው፣ ቃል በቃል። እዚህ ላይ ነው መሸምደድ ዋጋ ያለው፤ ግን ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ከነጥንዱ። ደብተርሽ ላይ «ዲሲዥን፣ ውሳኔ» ብለሽ አትጻፊ፤ «ሜክ ኤ ዲሲዥን አባውት» ብለሽ ጻፊ። በፊት ምን፣ በኋላ ምን እንደሚመጣ አብሮ ይጠናል።

ለመለማመጃ የተሳሳትሻቸውን ብቻ የምትጽፊበት ደብተር ያዢ። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር፣ የመረጥሽውን፣ ትክክሉን፣ ከዚያም ያሳወቀሽን ቃል ጻፊና ከሥሩ አስምሪበት። አጠገቡ አንድ ፊደል አድርጊ፦ ከአጠገቡ ያለው ቃል የሚፈታው ከነበረ «ጎ»፣ የግሥ ጊዜ ከሆነ «ጊ»፣ መቆጠር ወይም አለመቆጠር ከሆነ «ቁ»፣ የቃላት ጥንድ ከሆነ «ጥ»፣ በእውነት ትርጉሙን ባለማወቅ ከሆነ «ት»። 50 ስህተት ሲሞላ ፊደሎቹን ቁጠሪ። «ት» ከሌሎቹ በልጦ ከተገኘ ያኔ ቃላት መሸምደድ ጨምሪ፤ ካልሆነ ጊዜሽን በበዛው ፊደል ላይ አውዪ። በየቀኑ 20 ጥያቄ ይበቃል፤ 20ውን ሠርቶ በዚያው ዕለት ስህተቱን መመዝገብ 100 ሠርቶ መልሱን ብቻ ከማየት ይሻላል። ከሳምንት በኋላ የተሳሳትሻቸውን ምርጫዎቹን ሳታዪ ድገሚያቸው።

የመልስ ቁልፉንም ጭፍን ብለሽ አትመኚ። ከእጅ ወደ እጅ በፎቶ ኮፒና በቴሌግራም የሚዞሩ ወረቀቶች መልሳቸው የተሳሳተ መሆኑ ያጋጥማል፤ ሁለት ትክክለኛ መልስ ያላቸውም አሉ። «አት ዘ ዊክኤንድ» የብሪታንያ፣ «ኦን ዘ ዊክኤንድ» የአሜሪካ አነጋገር ነው። ስትጠራጠሪ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉመውን ሳይሆን ለተማሪዎች የተዘጋጀውን የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ክፈቺ፤ በስልክ በነፃ የሚገኙ አሉ። ስሙ ይቆጠር እንደሆነ በአንድ ፊደል ያመለክታል፣ ግሡ ተሳቢ ይፈልግ እንደሆነ ይነግርሻል፣ ምሳሌዎቹም መስተዋድዱን ያሳዩሻል። ትርጉሙን ዝለዪና ምሳሌዎቹን አንብቢ። ሁለት አባባል ካከራከረሽ ደግሞ የጉግል «ኤንግራም ቪወር» በታተሙ መጻሕፍት ውስጥ የትኛው እንደሚበዛ በመስመር ሥዕል ያሳያል።

የቀረው ሦስተኛው ጥያቄሽ ነው፤ ከሦስቱ ጥሩው እሱ ነው። «ዘ ፕራይስ ኦፍ ኮፊ ሃዝ ___ ሲንስ ላስት ይር።» ምርጫዎቹ ሬይዝድ፣ ሮዝ፣ ሪዝን፣ አሪዝን። አራቱም «ተነሳ፣ ጨመረ፣ ከፍ አለ» ወደሚለው ያዘነብላሉ። በግራ «ሃዝ» አለ፤ ሦስተኛው ቅርጽ ያስፈልጋል፤ «ሮዝ» ሁለተኛው ስለሆነ ወጣ። በቀኝ ወዲያው «ሲንስ» መጣ፤ ተሳቢ የለም። «ሬይዝድ» አነሳ ነው እንጂ ተነሳ አይደለም፣ የሚያነሳውን ነገር ይፈልጋል፤ ወጣ። የቀሩት ሪዝን እና አሪዝን ናቸው፤ ሁለቱም ሦስተኛ ቅርጽ፣ ሁለቱም ተሳቢ የማይፈልጉ። አሁን ጥንዱን ጠይቂ፦ «አራይዝ» የሚለው ከችግር፣ ከጥያቄ፣ ከክርክር ጋር ይሄዳል፤ ያልነበረ ነገር ብቅ ሲል። ዋጋ ድሮም ነበር፣ ከፍ አለ እንጂ ብቅ አላለም። «ሪዝን»ን አጥቁሪ።